ለማይለቅ ማሳከክ የመድኃኒት ጥናት ውስጥ መግባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ታላቅ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ችፌ አለባት። አሁን ብዙ ሰው ኤክዜማ ይለዋል። ክርኗ መታጠፊያ ላይ፣ ከጉልበቷ ጀርባና አንገቷ ላይ ይወጣል። የሚብሰው ሌሊት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስላደግን የማከኳን ድምፅ በጨለማ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አይጠፋም።

እዚህ ጎንደር የቆዳ ክፍል ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር አብሬያት እሄዳለሁ። ወረፋ ስንጠብቅ ስለ ክሊኒካል ትራያል፣ ማለትም አዲስ መድኃኒት በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ስለሚፈተሽበት ጥናት፣ ብዙ ወሬ ሰምቻለሁ። ግማሹ ልክ አይደለም። አንዳንዱ ሰውን ከሚጠቅመው ነገር ያርቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለአጭበርባሪ አሳልፎ ይሰጣል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ላንሳ።

«ጥናት ገባህ ማለት መሞከሪያ ሆንክ ማለት ነው»

ይህን የሚሉትን አልወቅስም። በዓለም ላይ ሰው ሳያውቅ የተሞከረበት ዘመን ነበር። ዛሬ የጥናት ሕግ ጥብቅ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ የሚባለውን የሥነ ምግባር መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በእኛ አገር ደግሞ የመድኃኒት ሙከራ ለመጀመር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የእናንተ ፈቃድ አለ። ጥናቱ በምትሰሙት ቋንቋ ሳይብራራላችሁ ማንም ሊያስፈርማችሁ አይችልም።

አደጋ የለውም አልልም። አዲስ መድኃኒት ነው፤ ያልተጠበቀ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ነው ደም የሚመረመረው፣ በየጊዜው የሚጠሯችሁ።

ለጎንደር ሰው ግን ጥናት እንግዳ ነገር አይደለም። ካላ አዛርን አስቡ። ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን የሚይዘው በሽታ ነው። ቀድሞ ሕክምናው 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ መወጋት ነበር። በሱዳን፣ በኬንያና በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ በ17 ቀን ማከም እንደሚቻል ታየ። ጎንደር ከጥናቱ ቦታዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት አጭሩን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ አድርጎ መከረ። ያ የሆነው እዚሁ አካባቢያችን ያሉ ታማሚዎች «እሺ» ብለው ስለገቡ ነው። እነዚያን ሰዎች «መሞከሪያ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

«ለግማሹ ሰው ባዶ መድኃኒት ሰጥተው እያከከ ያዩታል»

እህቴን በጣም ያስፈራት ይኼኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ፕላሲቦ የሚባል አለ። መልኩ መድኃኒት ይመስላል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የለበትም። ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣ ነው። በብዙ ጥናት ሐኪሙም ራሱ አያውቅም። ለምን ይህ ሁሉ? ማሳከክ በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። በጋና ክረምት፣ ጭንቀትና እረፍት ይለዋውጡታል። «ተሻለኝ» ያለ ሰው ያሻለው መድኃኒቱ ይሁን ወቅቱ ካላነጻጸሩ አይታወቅም።

ዱፒሉማብ የሚባለውን መርፌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የኤክዜማ ጥናት ነበር። ከ16 ሳምንት በኋላ መርፌውን በየሁለት ሳምንቱ ከወሰዱት ከመቶ 38ቱ ቆዳቸው ጠርቶ ወይም ሊጠራ ጥቂት ቀርቶት ተገኘ። ባዶውን ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 10ሩ። እነዚያ 10 ሰዎች ባይቆጠሩ ኖሮ መድኃኒቱ ከሚሠራው በላይ ይመስል ነበር። በዚያ ጥናት ባዶው የደረሰው ከሦስት ሰው ለአንዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ባዶው የደረሰውም ሰው ዝም ተብሎ አይተውም። በኤክዜማ ጥናቶች የቆዳ ማለስለሻ ቅባት መቀባት አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ማሳከኩ ከጠና የታወቀ መድኃኒት የሚሰጥበት አሠራርም ይኖራል። ጥናቱ ሲያልቅ ትክክለኛውን መድኃኒት ለሁሉም የሚሰጥ ተከታይ ጥናት የሚከፈትበት ጊዜም አለ። ሁሉም ጥናት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ባዶው የመድረስ ዕድሌ ስንት ነው? ቢብስብኝ ምን ትሰጡኛላችሁ? ሲያልቅስ መድኃኒቱን አገኛለሁ?»

«አንዴ ከፈረምክ መውጣት የለም»

አለ። በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳትናገሩ መውጣት ትችላላችሁ። መደበኛ ሕክምናችሁም አይቋረጥም። መውጣታችሁን ግን ንገሯቸው፤ አንዳንድ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ይጎዳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ቅጹ በገለልተኛ ምስክር ፊት ይነበብለትና በጣት አሻራው ይፈርማል። ቅጹን ቤት ወስዳችሁ ከቤተሰብ ጋር መምከርም መብታችሁ ነው።

«ማሳከክ ማሳከክ ነው፤ ጥናት ካለ እገባለሁ»

አይደለም። እከክ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ተባይ ነው፤ ቤተሰቡን በሙሉ ያሳክካል፣ በመድኃኒት ይድናል። ችፌ አይተላለፍም። ድንገት የሚያብጥና በሰዓታት ውስጥ የሚጠፋው ሽፍታ ሌላ ነው። የኩላሊትና የጉበት ሕመምም ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ ሊያሳክክ ይችላል። ጥናት የሚፈልገው በሽታው በትክክል የታወቀለትን ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካርድ አውጥታችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ።

አንድ ልቤን የሚያሳምመኝ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከሱቅ ያለ ማዘዣ የምንገዛው ክሬም ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይኖራል። ለጊዜው ያስታግሳል። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ቆዳ ያሳሳል፣ ሲያቆሙት ሕመሙ ሊብስ ይችላል። ጥናት ለመግባት ደግሞ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለተወሰነ ጊዜ ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል። የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ቱቦውን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ክሬም በራሳችሁ ፈቃድ ግን በድንገት አታቋርጡ።

«ጠበል የምትጠመቂ ከሆነ አይቀበሉሽም»

እምነታችሁን ማንም አይነካም። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ቆዳችሁ ላይ የሚያርፈውንና የምትጠጡትን ነው። እንዶድ፣ ሬት ወይም ሌላ የአገር መድኃኒት ከተጠቀማችሁ ንገሩት። ለሱባኤ ስትሄዱ የጥናት መድኃኒት ልታቋርጡ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ አማክሩት።

«መመዝገቢያ ክፈሉና እናስገባችኋለን»

ይኼ ማጭበርበር ነው። እህቴን በቴሌግራም ያገኛት አንድ ሰው «የውጭ አገር ጥናት አለ» ብሎ ለቅጽ ገንዘብ እንድትልክ ጠየቃት። ልትልክ ትንሽ ቀርቷት ነበር። እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ ሌሊቱን ስታክ ያደረች ሰው ተስፋ ስትሰማ ምን ታድርግ? ያ ሰው የያዘው ያንን ተስፋዋን ነው። ለእውነተኛ ጥናት መመዝገቢያ አይከፈልም። የጥናቱ መድኃኒትም በነፃ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የትራንስፖርት ወጪ ይሸፈናል።

«ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ጥናት ከጎንደር ሆኜ እገባበታለሁ»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። አብዛኞቹ የኤክዜማ አዳዲስ መድኃኒት ጥናቶች የሚካሄዱት በሌሎች አገሮች ነው። ተሳታፊው በአካል ቀርቦ፣ ለወራት እየተመላለሰ ነው የሚታየው። ቪዛ አያወጡላችሁም።

ፍለጋው ግን ከባድ አይደለም። ሐኪማችሁ የበሽታውን ሙሉ የእንግሊዝኛ ስም ወረቀት ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ (ClinicalTrials.gov) የሚባለው የአሜሪካ መዝገብ ላይ፣ ወይም የፓን አፍሪካ የክሊኒካል ትራያል መዝገብ ላይ ስሙን ጻፉ። ሁለቱም በነፃ የሚታዩ ናቸው። አገሩን «ኢትዮጵያ» አድርጉ። ጥናቱ ተሳታፊ እየመለመለ ነው ወይስ ተዘግቷል የሚለውንም እዩ። መዝገብ ላይ መውጣቱ ብቻውን መንግሥት አጣርቶ መሰከረለት ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ያገኛችሁትን ለሐኪማችሁ አሳዩት። «ካለ ሐኪሙ ራሱ ይነግረኛል» ብላችሁም አትቀመጡ። በየቀኑ ስንት ሰው ነው የሚያየው? እናንተ ጠይቁት።

መስፈርት ሳታሟሉ ብትመለሱም ሕመማችሁ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ዕድሜ፣ እርግዝና፣ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ምክንያቱ።

እህቴ የሐኪሙን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች። በየሁለት ሦስት ወሩ ስልኳ ላይ አብረን እናያለን። ለእሷ የሚሆን እስካሁን አላገኘንም። ማለስለሻ ቅባቷን ግን ማታ ማታ ትቀባለች፤ ቀጠሮዋም ከጥምቀት በኋላ ነው።