የውጭ አርቲስት ጅማ ሲጋበዝ፦ ወረቀቱና መሰናዶው

ከባሕር ማዶ ዘፋኝ፣ ሠዓሊ ወይም የዳንስ ቡድን ወደ ጅማ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ትልቁን ጣጣ የሚያየው አዲስ አበባ ላይ ነው። ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና ጉምሩክ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ናቸው። አዳራሹ፣ ፀጥታውና ማረፊያው ደግሞ የከተማው ድርሻ ነው። ሁለቱ መስመር ሳይዙ ፖስተር መለጠፍ የተለመደ ነው። ጦሱ ግን ለጋባዡ ይተርፋል።

መጀመሪያ ቪዛ። «ወዳጄ ነው፣ ሊጎበኝ ነው የሚመጣው» ብሎ በቱሪስት ቪዛ ማስገባት ቀላል ይመስላል። ትኬት ተሸጦ መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ማንም ጉብኝት ነው አይልም። የቱሪስት ቪዛ ለሥራ አያገለግልም። ከተፈቀደለት ቀን በላይ የቆየም በየቀኑ ቅጣት ይቆጠርበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለ3 ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ይህ ለሙዚቃ አስተማሪ ይስማማል። ለሦስት ቀን ትርኢት ግን ሰፊ ኮት ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቆረጡ በፊት የትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚስማማ ኢሚግሬሽንን በደብዳቤ መጠየቅ ይሻላል።

የግብዣ ደብዳቤው ማን እንደጋበዘ፣ አርቲስቱ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚያድርና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይናገር። ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስከረም 1 ቀን 2018 ለኤምባሲው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። ሁለቱም ይጻፉ። ሰዓትም እንዲሁ። ውሉ ላይ 7:00 ተብሎ ቢቀመጥ እንግዳው ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ የእኛው የድምፅ ባለሙያ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስፒከር ተሸክሞ ይቆማል።

ለጅማ ከተማ መሥሪያ ቤቶች የሚገባው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ነገሩ ይፈጥናል፤ የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ነውና። ለፌዴራሉ በአማርኛ ይሁን። ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ጋር ቶሎ መነጋገር፣ ለፖሊስም አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እንግዳው በግለሰብ ቤት ካደረ ቀበሌው ይወቀው። ሆቴል ከሆነ ፓስፖርቱን እንግዳ መቀበያው ይመዘግበዋል።

ዕቃው የራሱ ጉድ አለው። ጊታር፣ ሚክሰርና ካሜራ በጊዜያዊነት ገብተው የሚወጡ ከሆነ ቦሌ ላይ መመዝገብ አለባቸው። የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ያለበት ዝርዝር በብዙ ቅጂ ይዘጋጅ። ሲወጣ የሚመሳከረው ያ ወረቀት ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ይያዛል። ለቪዲዮ ክሊፕ ብሎ በሻንጣ ውስጥ ሸጉጦ መምጣት አያዋጣም።

ስለ ክፍያ፦ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪ ያልሆነ የመድረክ ባለሙያ እዚህ ከሠራው ትርኢት ጠቅላላ ገቢ ላይ 10 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ወጪ አይቀነስለትም። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ አሁን የሚሠራበትን መጣኔ ገቢዎች መጠየቅ ነው። ቀንሶ የሚያስገባው ከፋዩ ስለሆነ «ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ» የሚለው ውሉ ላይ ይስፈር። ትርኢቱ የሚቀረጽ ከሆነም የአርቲስቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት ይጠብቃል።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በረራ አለ። ከባድ መሣሪያ ያለው ግን በወልቂጤና በጊቤ በኩል በመኪና ይመጣል፤ የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ማጣራት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ኃይለኛ ስለሆነ ያለ ጣሪያ መድረክ አለማሰብ ነው። የከተማው ሙስሊም ብዙ ነው፤ የረመዳን ምሽትና የዓርብ ቀትር ለኮንሰርት አይመረጡም። ዐቢይ ጾምም አዳራሽ አይሞላም። ጂሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለቀረጻ ያጓጓል፣ እውነት ነው። ቅርስ ስለሆነ ግን መብራትና ኬብል ከመዘርጋት በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር ይኑር። ወባም ስላለ አጎበር ያለው ክፍል ይያዝ።

እንግዶች ሲመለሱ የጅማን በርጩማ መግዛት ይወዳሉ። አዲሱ ችግር የለውም። ያረጀ የሚመስለው ግን ቦሌ ላይ ያስጠይቃል፤ ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ማውጣት ያስፈልጋል፣ እሱም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። የመመለሻ በረራው ከጅማ እንደደረሱ በዚያው ቀን ከሆነ ጊዜ ስለማይበቃ፣ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን አዲስ አበባ ላይ ይያዝላቸው።