የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ዋና ዋና ተግባራት

ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ የኮምፒውተሩን ሃርድዌር ተቆጣጥሮ አቅሙን ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው። ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያየው መስኮትና ምልክት የስርዓቱ ገጽታ ብቻ ሲሆን፣ ክፍፍሉን የሚያካሂደው ከርነል የተባለው ማዕከላዊ ክፍል ነው፤ እሱም ኮምፒውተሩ ሲበራ ወደ ራም (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራምና መረጃ ለጊዜው ወደሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ይቆያል።

ከሚከፋፈለው ሁሉ ቀዳሚው የፕሮሰሰር፣ ማለትም ትእዛዞችን የሚፈጽመው ክፍል፣ ጊዜ ነው። አንድ የፕሮሰሰር ኮር (ከውስጡ ካሉት የማስሊያ ክፍሎች አንዱ) በመሠረቱ በአንድ ቅጽበት የአንድን ፕሮግራም ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው፤ ሙዚቃ እየተሰማ ጽሑፍ መጻፍ የሚቻለው ከርነሉ ለእያንዳንዱ ጥቂት ሚሊሰከንዶች እየሰጠ፣ ተራው ሲያልቅም ሥራው የደረሰበትን መዝግቦ ለሌላው ስለሚያስተላልፍ ነው። በዊንዶውስ 3.1 ተራውን የሚለቀው ፕሮግራሙ ራሱ ስለነበር፣ አንዱ አልለቅም ካለ ሌሎቹም አብረውት ይቆሙ ነበር። ዛሬ የሰዓት ቆጣሪው ምልክት ፕሮሰሰሩን በግድ ለከርነሉ ያስመልሳል። ቅድሚያ አሰጣጥ ሲዛባ የሚመጣው ጣጣ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ባረፈችው ፓዝፋይንደር ታይቷል፤ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ የያዘውን የጋራ ንብረት ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሲጠብቅ፣ መካከለኛው ጣልቃ እየገባ ያዡን ስላዘገየው የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር ደጋግሞ እንደ አዲስ ይነሳ ነበር። መሐንዲሶቹ ማስተካከያውን ከምድር ልከዋል።

የራም አስተዳደር ደግሞ ከሁሉም ረቂቁ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የሆነ ምናባዊ የአድራሻ ክልል ይሰጠዋል፤ ክልሉ ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት በሚይዙ ገጾች ተከፋፍሎ፣ የትኛው ገጽ በየትኛው የራም ቦታ እንዳለ ከርነሉ በሰንጠረዥ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ የሌላውን መረጃ ሊነካ ቀርቶ መኖሩንም አያይም። ራም ሲጠብ ለጊዜው የማይፈለጉ ገጾች ወደ ዲስክ ይወጣሉ፤ ዲስክ ከራም እጅግ ስለሚዘገይ ግን ይህ ሲበዛ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ሐሳቡን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተግባር ያዋለው የማንቸስተሩ አትላስ ኮምፒውተር ነበር።

ፋይልና ፎልደርም የስርዓተ ክወናው ፈጠራ ናቸው፤ ዲስኩ የሚያውቀው ቁጥር የተሰጣቸውን ብሎኮች ብቻ ነው። ፋይል ሲሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ብሎኮቹን የሚያመለክተው መዝገብ እንጂ ይዘቱ ወዲያው ስላልሆነ፣ በላዩ ሌላ እስካልተጻፈበት መልሶ ማግኘት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት4 የተባሉት የፋይል ስርዓቶች (ፋይሎችን በዲስክ ላይ የማደራጃ ዘዴዎች) ሊያደርጉ ያሰቡትን ለውጥ አስቀድመው በመዝገብ ስለሚያሰፍሩ፣ በመሃል መብራት ቢጠፋ የፋይል ስርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ አይፈርስም።

ፕሮግራሞች ዲስክም ሆነ ኔትወርክ በቀጥታ አይነኩም፤ ከርነሉን ይጠይቃሉ፣ እሱም ፈቃዳቸውን አጣርቶ ይፈጽምላቸዋል። ከየመሣሪያው ጋር የሚያግባቡት ድራይቨሮች ግን በብዙ ስርዓቶች የሚሠሩት እዚያው ከርነሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት እሱ ብቻ ሲዘጋ፣ የድራይቨር ስህተት ማሽኑን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል።