ራውተር፣ ቴምፕሌትና የኪችን ካውንተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኪችን ካውንተር ላይ የሲንክና የምድጃ ቀዳዳ በራውተር (በእጅ የሚገፋ የእንጨት መቅረጫ ማሽን) ሲወጣ ቴምፕሌቱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚመራውን ክፍት ቅርጽ ያለው ሰሌዳ፣ እንደ ዋስትና የሚያዩ ብዙ ናቸው። ቴምፕሌት ግን የሚሰጠው ቅርጽ ነው። ልኩን፣ የጠርዙን ጥራትና ከውኃ መከላከሉን ባለሙያው ራሱ ነው የሚያመጣው። ከዚህ በታች ያሉት እኔ ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

«የቴምፕሌቱ ክፍት ቦታ ከቀዳዳው ጋር እኩል ነው»

እኩል አይደለም፤ ሥራ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ቴምፕሌቱን የሚነካው ቢቱ (የሚሽከረከረው መቁረጫ) ሳይሆን ከራውተሩ ሥር የሚታሰረው የብረት ቀለበት ነው፤ ቢቱ በቀለበቱ መሃል አልፎ ይወርዳል። ለካውንተር የተለመደው ቀለበት የውጭ ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር፣ ቢቱ ደግሞ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 17.3 ሲሆን በየጎኑ 8.65 ይደርሳል። ስለዚህ 560 በ490 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ለሚፈልግ ምድጃ የቴምፕሌቱ ክፍት ቦታ 577.3 በ507.3 መሆን አለበት። ልኩ በቀጥታ 560 በ490 ከተወሰደ የሚወጣው ቀዳዳ 542.7 በ472.7 ነው፤ ምድጃው አይገባም። እንዲህ ሲጠብ ግን ማስፋት ይቻላል፤ የከፋው በተቃራኒው ተሳስቶ ሲሰፋ ነው።

ቢት ሲቀየር ሒሳቡም ይቀየራል። በዚያው ቴምፕሌት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ቢት ቢታሰር ቀዳዳው በ0.7 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ተስሎ የቀጠነ ቢትም እንዲሁ ነው። ለምድጃ ቀዳዳ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ሁለት ካውንተር በማዕዘን ሲጋጠም ግን ክፍተቱ ዓይን ይወጋል። አደጋም አለው፦ ግንዱ (ማሽኑ የሚጨብጠው ክፍል) 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢት ለግማሽ ኢንች በተሠራ መያዣ ውስጥ በደንብ አይጨበጥም፤ በሥራ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። የሚቀራረቡ ቁጥሮች ስለሆኑ ሳይለኩ ማመን ጥሩ አይደለም።

«60 ሳንቲ ሜትር ምድጃ ሁሉ አንድ ነው»

60 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ላይኛው ስፋት ነው። 560 በ490 በብዛት ቢያጋጥምም ሁሉም አምራች አይከተለውም። ዕቃው እጃችን ላይ ሳይደርስ መቁረጥ አያስፈልግም። ከሥር የካቢኔቱ ግድግዳ ወይም የመሳቢያው ሐዲድ የት እንዳለም አስቀድሞ መታየት አለበት።

«ኃይለኛ ማሽን ከሆነ በአንዴ ይወርዳል»

38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካውንተር በአራትና በአምስት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እየወረደ ይቆረጣል። በአንዴ ሲገፋ ቢቱ ይሞቃል፣ ቺፑዱ (ካውንተሩ የተሠራበት የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ይቃጠላል፣ ማሽኑም ከእጅ ሊያመልጥ ይሞክራል።

«ወዴት ብገፋው ምን ለውጥ አለው?»

ብዙ ለውጥ አለው። ከላይ ሲታይ ቢቱ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ወደ ፊት የሚገፋ ራውተር ወደ ግራ ይሳባል። በቴምፕሌቱ ውስጥ ስንሄድ ቴምፕሌቱ በግራችን እንዲሆን፣ ማለትም በሰዓት አቅጣጫ እንገፋለን፤ ያኔ ማሽኑ ራሱ ቀለበቱን ከጠርዙ ጋር ያጣብቀዋል። በተቃራኒው ከሆነ ቀለበቱ ከጠርዙ እየሸሸ የተወላገደ መስመር ይተዋል። በመጨረሻ ጠርዙን በስሱ ስናስተካክል ደግሞ የተሳሳተው አቅጣጫ ማሽኑን ወደ ፊት ያስፈተልከዋል።

መሃል ላይ ተቆርጦ የሚቀረው ቁራጭ «ይውደቅ» የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ ሲል ያዘነብላል፤ ወይ ቢቱን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ወይ ሲወድቅ ፎርማይካውን (ከላይ የተለጠፈውን ስስ ጠንካራ ሽፋን) ይገነጥለዋል። ከመጀመሪያው ከሥር ከቀዳዳው የሚረዝም ጣውላ አግድም ማድረግና ቁራጩን በብሎን ማሰር ነው።

ራውተሩ ክብ አድርጎ የሚተወውን ማዕዘን በመሮ ሹል ማድረግም ንጽሕና ይመስላል። ፎርማይካ ግን መሰንጠቅ የሚጀምረው ከሹል ውስጠኛ ማዕዘን ነው፤ ምድጃ አጠገብ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ክቡ ማዕዘን ሆን ተብሎ ይተው።

«ሲሊኮን ከሲንኩ ከንፈር ሥር ከተቀባ ይበቃል»

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሰስተው። የተቆረጠው ጠርዝ ራቁቱን የቀረ ቺፑድ ነው። ውኃ አንዴ ከገባበት ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሲንኩ ከመቀመጡ በፊት የጠርዙ ዙሪያ በሙሉ፣ የቧንቧው ቀዳዳ ውስጥም ጭምር፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ይቀባል፤ ሲሊኮኑ ከዚያ በኋላ ነው። ሲንኩን ከሥር ማንጠልጠልም ጠርዙን ለውኃ አጋልጦ ስለሚተው ለፎርማይካ ካውንተር አይሆንም። ያ ለግራናይት ነው፤ ግራናይት ደግሞ በእንጨት ቢት አይሞከርም፣ በአልማዝ መቁረጫና በውኃ ይሠራል።

የመጨረሻው፦ «ለአንድ ሲንክም ቢሆን ቴምፕሌት መግዛት ግድ ነው።»

እኔ አልስማማም። ቁርጡን የሲንኩ ከንፈር ስለሚሸፍነው ለአንድ ቀዳዳ ጂግሶ (ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የእጅ መጋዝ ማሽን) ይበቃል፤ የተለመደው ምላጭ ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ግን ካውንተሩን ገልብጦ ከጀርባው መቁረጥ ወይም ወደ ታች የሚቆርጥ ምላጭ መጠቀም ያስፈልጋል። ቴምፕሌት ድካሙን የሚክሰው አንድ ዓይነት ኪችን በሚደጋገምበት ሕንፃ ላይ ነው። ለዚያም ከ12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ወርክሾፕ ውስጥ መሥራት ይቻላል፤ ከራውተሩ ሥር የሚወጣው የቀለበቱ ክፍል ከ12 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ብቻ ይታይ፣ አለዚያ ቀለበቱ ካውንተሩ ላይ ይቆማል።