ሳልሞንን በመንጠቆ ማጥመድ፦ የማባበያና የመሣሪያ አመራረጥ

ሳልሞን በወንዝ ይወለዳል፣ በባሕር ይወፍራል፣ እንቁላሉን ለመጣል ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ማባበያ የሚመርጥ ሰው ከቀለምና ከመጠን በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህ ጉዞ ነው። በባሕር ያለ ሳልሞን ያገኘውን ሁሉ የሚያድን ሆዳም ዓሣ ነው፤ ወንዝ የገባው ግን መብላት አቁሟል። ሆድ ዕቃው እየተኮማተረ፣ በባሕር ባጠራቀመው ስብ ብቻ ወራጁን ውኃ እየተጋፋ ሽቅብ ይጓዛል። ባሕር ላይ አጥማጁ ረሃቡን መቀስቀስ ይበቃዋል፤ ወንዝ ውስጥ ግን ቁጣውን ወይም የቀድሞ ልማዱን መቀስቀስ ይኖርበታል። ባሕር ላይ መንጋ የሚያስከትል ማባበያ ወንዝ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳልሞን የሚባለውም አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። የአትላንቲኩ አንድ ዝርያ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶካይ፣ ፒንክና ቻም የተባሉ አምስት ዝርያዎች አሉ። እነዚህ አምስቱ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ይሞታሉ፤ ከአትላንቲኩ ግን ጥቂቶቹ ተርፈው ወደ ባሕር ይመለሳሉ። «ንጉሥ» የሚል ቅጽል ያለው ቺኑክ ከሁሉም ይገዝፋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሌስ አንደርሰን በአላስካው ኬናይ ወንዝ የያዘው ቺኑክ 44 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በዘንግ ለተያዘ ሳልሞን የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። ቺኑክ ጥልቀት ይወዳል፤ ኮሆ ወደ ውኃው ገጽ ቀረብ ብሎ ፈጣን ነገር ያሳድዳል። ሶካይ በአብዛኛው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን የሚመገብ ስለሆነ ትልቅ ማባበያ እምብዛም አይማርከውም፤ አንዳንድ ጊዜ ምንም ያልተሰካበት ቀይ መንጠቆ ብቻውን ያስነክሰዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም።

በባሕር፦ ሄሪንግ፣ እርሳስና ፍላሸር

በፓስፊክ ዳርቻ ሄሪንግ ከተባለው ትንሽ የባሕር ዓሣ የሚበልጥ የተፈጥሮ ማባበያ ማግኘት ያስቸግራል። ሄሪንግ የሳልሞን የዘወትር ምግብ ነው። ጥሩው ሄሪንግ ቅርፊቱ ያልረገፈ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ነው፤ ሥጋው እንዲጠነክርና ከመንጠቆው ቶሎ እንዳይላቀቅ በጨው ውኃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ የሚመጣው አቆራረጡ ነው። ጭንቅላቱ ከስንጥቡ ኋላ በስለታም ቢላ በሰያፍ ይቆረጣል። ዓሣው በውኃ ውስጥ ሲጎተት እንደ ቆሰለ ዓሣ እየተጠቀለለ የሚሄደው በዚህ ሰያፍ ምክንያት ነው። ሁለት መንጠቆዎች በአንድ የጫፍ ክር ላይ ተከታትለው ይታሰራሉ፤ የፊተኛው በተቆረጠው በኩል ያልፋል፣ የኋለኛው ጎኑ ላይ ይሰካል ወይም ተንጠልጥሎ ይከተላል። ወደ ጥልቁ ከመልቀቅ በፊት ከጀልባው አጠገብ ጎትቶ አዙሪቱን በዓይን ማየት ግድ ነው። ይህን ግማሽ ደቂቃ የሚሰስት ሰው ደረቁን እየተጎተተ ለሚሄድ ሬሳ ሰዓታት ያባክናል።

ይህን ሄሪንግ ይዞ የሚደረግ ቀላልና ያማረ ዘዴ ሙቺንግ ይባላል። ከ30 እስከ 170 ግራም የሚመዝን የጨረቃ ቅርጽ ያለው እርሳስ፣ ከዚያ በታች ሁለት ሜትር ያህል የጫፍ ክር፣ ከጫፉ ሄሪንጉ፤ መሣሪያው ይኸው ነው። ጀልባው ከሞገዱ ጋር ይንሳፈፋል፣ አጥማጁ ክሩን ወደ ታች ይለቃል፣ ደግሞ ቀስ እያለ ይሰበስባል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሳልሞኑ ማባበያውን ይዞ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ዘንጉ አይጎብጥም፣ ይልቁንም ክሩ ይላላል። የላላ ክር ያየ ሰው ዘንጉን በድንጋጤ መሳብ የለበትም፤ የእርሳሱን ክብደት እስኪያገኝ ድረስ ክሩን በፍጥነት መጠቅለል ነው ያለበት።

ዓሣው ጠልቆ ሲገኝ ወይም ሰፊ ውኃ ማሰስ ሲያስፈልግ ጀልባው በሞተር እየሄደ ማባበያውን ይጎትታል። ጥልቀቱን የሚጠብቀው ዳውንሪገር የተባለው መሣሪያ ነው፤ ከ4 ተኩል እስከ 7 ኪሎ ግራም የሚደርስ የእርሳስ ኳስ በጠንካራ ገመድ ይወርዳል፣ የዘንጉ ክር በማቆንጠጫ ይያያዝበታል፣ ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከማቆንጠጫው ይላቀቅና አጥማጁ ያለ ክብደት ይታገላል። በማባበያው ፊት ብዙ ጊዜ ፍላሸር ይታሰራል። ፍላሸር የሚያብረቀርቅ ረጅም ሰሌዳ ሲሆን እየተሽከረከረ ከሩቅ ዓሣ ይጠራል። ከፍላሸሩ እስከ ማባበያው ያለው ክር ርዝመት፣ በእኔ አመለካከት፣ ሰዎች ከሚጨቃጨቁበት ቀለም ይልቅ እጅግ ይወስናል። ስኩዊድ የሚመስለው የፕላስቲክ ማባበያ የራሱ እንቅስቃሴ ስለሌለው ፍላሸሩ እንዲያወዛውዘው በአጭር ክር፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ገደማ፣ ይታሰራል። ሄሪንግና አንቾቪ የተባለው ሌላ ትንሽ ዓሣ ግን በራሳቸው ስለሚጠቀለሉ የፍላሸሩ ምት እንዳያበላሻቸው አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ይሰጣቸዋል። የብረት ማንኪያ፣ ማለትም የማንኪያ ቅርጽ ያለው የብረት ማባበያ፣ በሁለቱ መካከል ይሆናል።

ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ለቺኑክ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ኮሆ ከዚያ ፈጠን ያለውንም ይወዳል። ጀልባው ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ክር ይፈጥናል፣ በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል። በየትኛው በኩል እንደተነከሰ ያስተዋለ ሰው በዚያ ቀን ዓሣው ምን ዓይነት ፍጥነት እንደፈለገ ያውቃል። ቀለም ከጥልቀትና ከፍጥነት በኋላ ሦስተኛ ነው። ቀይ ብርሃን በውኃ ውስጥ ቀድሞ ስለሚጠፋ ቀይ ማባበያ በጥልቅ ውኃ ጠቁሮ ይታያል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ጠልቀው ይዘልቃሉ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ብርሃን ይዞ በጨለማ የሚያበራ ቀለም ይመረጣል።

ማባበያ ዓሣው በዚያ ስፍራ የሚበላውን መምሰል እንዳለበት ከሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተሻለ ማስረጃ የለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ሚሺጋን ኮሆን ወደ ሐይቆቹ ስትለቅ፣ አሌዋይፍ የተባለው ትንሽ ዓሣ ከልክ በላይ ተባዝቶ ነበር። ዛሬም እዚያ የሚጎተቱት ቀላል የብረት ማንኪያዎች በመጠንም በብርማ መልክም አሌዋይፍን ይመስላሉ።

በወንዝ፦ እንቁላል፣ ሽታና የወራጁ ፍጥነት

የሳልሞን አፍንጫ የሚያስደንቅ ነው። ተመራማሪዎቹ አርተር ሃስለርና ዋረን ዊዝቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓሦች የአንዱን ጅረት ሽታ ከሌላው እንደሚለዩ በሙከራ አሳዩ፤ ሳልሞን የትውልድ ጅረቱን የሚያገኘው በልጅነቱ በቀረጸው ሽታ ነው የሚለው ሐሳብም ከዚህ አደገ። ከዚሁ ጋር፣ ከሰውና ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ቆዳ የሚወጣ ሴሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሽቅብ የሚጓዘውን ሳልሞን እንደሚያስደነግጥ ታውቋል። ስለዚህ ማባበያ ሲያዘጋጁ ጓንት ማድረግ፣ ከነዳጅና ከሲጋራ ሽታ እጅን ማራቅ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም።

በፓስፊክ ወንዞች ቀዳሚው ማባበያ የሳልሞኑ የራሱ እንቁላል ነው። ከነሽፋኑ በጥንቃቄ ይወጣል፣ ደሙ ይጠረጋል፣ በትንንሹ ይቆረጣል፣ ከዚያ ቦራክስ፣ ጨው፣ ስኳርና ቀለም ተነስንሶበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። እንቁላሉ ፈሳሹን ከለቀቀ በኋላ መልሶ ሲመጠው ይጠነክራል፤ ሽታውን ግን በውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ መልቀቁን አይተውም። በአንዳንድ የማዘጋጃ ዱቄቶች ውስጥ የነበረው ሶዲየም ሰልፋይት እንቁላሉን የሚበሉ የሳልሞን ጫጩቶችን እንደሚጎዳ በኦሬገን በተደረገ ጥናት ታይቷል፤ ይህን የሚያውቅ አጥማጅ የዱቄቱን ይዘት አንብቦ ቢገዛ ለወንዙ ውለታ ይውላል። እንቁላሉ በመንጠቆው አይወጋም፤ በመንጠቆው አንገት ላይ በሚሠራ ልዩ ቋጠሮ ክሩ እንደ ሸምቀቆ ይከፈትና እንቁላሉን አቅፎ ይይዘዋል።

አሁን ጥያቄው እንቁላሉን ወደ ዓሣው እንዴት እናድርሰው የሚል ነው። ውኃው በመጠነኛ ፍጥነት በሚወርድበት ስፍራ እርሳሱ የወንዙን ወለል ነካ ነካ እያደረገ እንዲሄድ ይደረጋል። እርሳሱ ከከበደ ይቆማል፣ ከቀለለ ማባበያው ከዓሣው በላይ ያልፋል። እርሳሱ ከዋናው ክር በደከመ ክር ቢታሰር ድንጋይ ሲይዘው እርሱ ብቻ ይበጠሳል። ውኃው ዝግ ባለበት ደግሞ ተንሳፋፊ ቡሽ ይሻላል፤ ቡሽ በክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ በትንሽ ቋጠሮ ተገድቦ ማባበያውን ከወለሉ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። በትልልቅ ወንዞች ጀልባውን በመቅዘፊያ ወይም በሞተር ወራጁን እየተቋቋሙ ቀስ በቀስ ወደ ታች መልቀቅም የተለመደ ነው። ፕለግ የተባለው ዓሣ መሰል ማባበያ ጠልቆ እየተርገፈገፈ ሳልሞኑ ወደተኛበት ጉድጓድ ይገፋል፤ ሆዱ ላይ የሳርዲን ሥጋ በቀጭን ክር ይጠመጠምለታል። ዓሣው ሳይርበው፣ ክልሉ የተደፈረበት ስለሚመስለው ይነክሳል።

የውኃው መልክ መጠኑን ይወስናል፤ በጠራ ውኃ ትንሽና ደብዛዛ፣ በደፈረሰ ውኃ ትልቅ፣ ደማቅና ሽታው የበረታ ይመረጣል።

የአትላንቲክ ሳልሞን ዓለም ከዚህ ይለያል። በካናዳ ኒው ብረንስዊክ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም በላባና በጸጉር በተሸፈነ መንጠቆ፣ ካልሆነ በቀር እርሱን ማጥመድ አይፈቀድም። በስኮትላንድ ስሙን ከስፔይ ወንዝ ያገኘው የአወራወር ስልት፣ ከኋላ ዛፍ ቢኖርም በሁለት እጅ በሚያዝ ረጅም ዘንግ ክሩን ወደ ወንዙ ማዶ ያደርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆክ ስኮት የተባለውን የመሰሉ ሰው ሠራሽ ዝንቦች ከሩቅ አገር ወፎች ላባ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ጥቂት የእንስሳ ጸጉር ይበቃል፤ ዓሣውም ልዩነቱን የተመለከተው አይመስልም። ከላባው ይልቅ የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ዝንቡ ትልቅ ሆኖ በሚሰምጥ ክር ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ውኃው ሲሞቅ ትንሽ ዝንብ በተንሳፋፊ ክር ይመጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በስኮትላንዱ ዲ ወንዝ ያጠመደው አርተር ውድ ይህን የተንሳፋፊ ክር ስልት አስፋፍቶታል።

ዓሣው አፍ ውስጥ ክሩን አንሸራትቶ መንጠቆውን ከውጭ በኩል የሚሰካው፣ በሶካይ ወንዞች የሚታየው ፍሎሲንግ፣ ከማባበል ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ዓሣው አልነከሰም፣ ተጎተተ እንጂ። በጎን ወይም በጀርባ የተወጋን ሳልሞን ማስቀረት በብዙ ወንዞች የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው።

የመንጠቆው ዓይነትም በሕግ ይወሰናል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ባሕር ሳልሞን የሚጠመደው እሾህ በሌለው፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረ ሹል በሌለው፣ መንጠቆ ነው፤ የሚለቀቀው ዓሣ ሳይቀደድ በፍጥነት ይላቀቃል፣ ክሩን ሳያላላ የሚታገል አጥማጅም በዚህ ምክንያት ብዙ ዓሣ አያጣም። በኖርዌይ ደግሞ ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወንዞችን ስላጠቃ፣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ዘንጉን፣ ክሩን፣ መረቡንና ቦቲውን ከተሕዋስ አጽድቶ ወይም ፈጽሞ አድርቆ መሄድ አለበት።