ሞተሩ በየት በኩል ነው አየር የሚስበው? ስለ ማኒፎልድ ቫኪዩም

የቤንዚን ሞተር አየር የሚያስገባው በአንድ በር ነው፤ ትሮትል ይባላል። እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሳ በሩ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ፒስተኑ ግን ወደ ታች በወረደ ቁጥር መሳቡን አይተውም። ስለዚህ ማኒፎልዱ (አየሩን ከትሮትሉ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ቫኪዩም የምንለው ይህንን ነው። ቤንዚን ጥርቅም አድርገን ስንረግጥ በሩ ይከፈትና ቫኪዩሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ቫኪዩሙ የሚለካው መርፌ ባለው የቫኪዩም ጌጅ፣ በኢንች ሜርኩሪ ነው። የጥገና መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ቁጥሩ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት 30 ኢንች ገደማ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን 23 አካባቢ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል ብሎ ማስላት ይቻላል። እናም እዚህ ከ10 እስከ 14 የሚያሳይ ሞተር ደህና ነው። አዲስ አበባ 12 ያሳየ መኪና ጅቡቲ ቢወርድ ወደ 19 ይጠጋል። ይህን ሳያውቁ ምንም ያልሆነ ሞተር መፍታት ያሳዝናል።

ከቁጥሩ ይልቅ የጌጁ መርፌ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ዝቅ ብሎ ከረጋ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለ፣ ወይም ታይሚንጉ (ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ) ዘግይቷል። በየተወሰነ ምት ዝቅ ካለ ቫልቭ ይጠርጠር። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ተይዞ መርፌው ቀስ በቀስ ከወረደ ማርሚታው ወይም የጭስ ማጣሪያው ካታሊቲክ ተደፍኗል።

ሞተሩ አየር የሚስበው በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ በደረቀ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ወይም በኢንጀክተር ጎማ በኩል ሊሆን ይችላል። ይህ አየር በአየር መለኪያው ሴንሰር ስላላለፈ የሞተሩ ኮምፒውተር አይቆጥረውም። ቤንዚኑ ይሳሳል (ለገባው አየር ያንሳል)፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ ይህንኑ መሳሳት የሚናገር ፒ0171 የሚል ኮድ ይመጣል። በአየር መጠን ፋንታ የማኒፎልድ ግፊት የሚለኩ ሞተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሚኒሞው ከፍ ይላል እንጂ ቤንዚኑ ያን ያህል አይሳሳም።

ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ አንድ ነገር ያይላችሁ። የሞተሩ ኮምፒውተር ጉድለቱን ለማካካስ የሚጨምረው ቤንዚን በሚኒሞ ብዙ ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ከቀነሰ ችግሩ ቀዳዳ ነው። በሚኒሞ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው ጎልቶ ይታያል፤ ዙር ሲጨምር ይዋጣል። ዙር በጨመረ ቁጥር ጉድለቱ ከባሰ ግን ፓምፑና የነዳጅ ፊልትሮው ይታዩ።

ቀዳዳውን ለማግኘት ግማሽ ሜትር ጎማ ቱቦ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየመገጣጠሚያው ማዞር ነው፤ ከፋኑና ከቺንጋው መራቅ እንዳይረሳ። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ «ስስስ» የሚለው ድምፅ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቦታው ላይ ትንሽ ውሃ ይረጫል። ድምፁ ከተቀየረ ወይም ሞተሩ ከተስተካከለ ተገኘ ማለት ነው። ካርቡራተር ማጠቢያ የሚረጩም አሉ። እኔ አልመክርም፤ የጋለ ሞተር ላይ እሳት ያስነሳል። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ከተገኘ ከሁሉም ይሻላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጭሱ ራሱ በቀዳዳው ይወጣል።

ፍሬኑን ቸል ማለት አይገባም። ፔዳሉን ስንረግጥ ኃይል የሚያግዘን ሰርቮ የሚሠራው በዚሁ ቫኪዩም ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን እስኪደርቅ ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካላለ መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ወፍራሙን ቱቦና በላዩ ያለውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አሳዩ።

የናፍጣ ሞተር ለብቻው ነው። እንደ ቤንዚኑ አየር የሚያፍን በር ስለሌለው በቂ ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ለሰርቮው የራሱ ፓምፕ ይገጠምለታል። በብዙ የቆዩ የቶዮታ ናፍጣዎች ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው። የእነዚህ ፍሬን ሲደርቅ ማኒፎልድ መፈተሽ ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ ፓምፑና ቱቦው ይታዩ።