ልደት በልጆች ሙዚየም፦ «አትንካ!» የማይባልበት ቤት

የልጆች ሙዚየም ልጆች ዕቃውን እየነኩ፣ እየገፉ፣ እየፈቱና እየገጣጠሙ የሚያውቁበት ቤት ነው። በሌላ ሙዚየም ዕቃው መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎብኚው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል። እዚህ ግን ዕቃው የተቀመጠው ለእጅ ነው። ቤት ውስጥ «አትንካ!»፣ «ተው!»፣ «አርፈህ ተቀመጥ!» ሲባል የሚውል ትንሽ ልጅ እዚህ ሲገባ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች የልጃቸውን ልደት እዚህ የሚያከብሩት ለዚህ ነው። ሐበሾችም እየለመዱት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሙዚየም የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1899 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው። በ1902 አና ቢሊንግስ ጋለፕ የተባለች መምህርት ተቀጠረች፤ እስከ 1937 ድረስም ቤቱን መራችው። ልጆች ዕቃውን በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት የፈቀደችው እሷ ናት። የቦስተኑን የሳይንስ መምህራን በ1913 ከፈቱት። የኢንዲያናፖሊሱ በ1925 ተመሠረተ፤ ዛሬ በስፋቱ በዓለም የሚተካከለው የልጆች ሙዚየም የለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1962 ነው። በዚያ ዓመት ማይክል ስፖክ የቦስተኑ ሙዚየም ዳይሬክተር ሆነ። አባቱ ስለ ልጅ አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ ስሙ የገነነው ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ ነው። ልጁ ደግሞ ዕቃውን ከመስታወት ሳጥን አወጣው። ካዘጋጃቸው ትርዒቶች አንዱ በየቀኑ የምናያቸውን ነገሮች ለሁለት ሰንጥቆ ውስጣቸውን ያሳይ ነበር። «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ አሻንጉሊቱን የሚሰባብር ልጅ ያላት እናት ይህ ትርዒት ወዲያው ይገባታል። ፊላደልፊያ ላይ በ1976 የተከፈተው ሙዚየም ደግሞ ነገሩን በስሙ ጨረሰው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እባክህ ንካ» ማለት ነው።

ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ ያለው ብሔራዊ የልጆች ሙዚየም ሥሩ በ1970ዎቹ የተተከለ ነው። ከዋይት ሐውስ ብዙም በማይርቀው በሮናልድ ሬገን ሕንፃ የተከፈተው በየካቲት 2020 ነበር። በሳምንታት ውስጥ ኮሮና ዘጋውና በ2021 እንደገና ተከፈተ። መግቢያው ላይ ልጆች ተንጠላጥለው የሚወጡበት፣ በሸርተቴ የሚወርዱበት ትልቅ መጫወቻ አለ።

በነዚህ ቤቶች በብዛት የሚገኙት የውሃ ገንዳ፣ መወጣጫ፣ የብሎኬት ክፍልና ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ሱቁና ኩሽናው ለእኛ አዲስ አይደለም። እቃቃ ነው። እኛ በቆርኪና በጭቃ የተጫወትነውን እነሱ በፕላስቲክ ብርቱካንና በገንዘብ መቀበያ ማሽን ይጫወቱታል። አንዱ ይሸጣል፣ አንዷ ትገዛለች፣ ሌላው ዝም ብሎ ዕቃውን ከመደርደሪያ ወደ ቅርጫት፣ ከቅርጫት ወደ መደርደሪያ ያመላልሳል።

ልደቱ ብዙ ጊዜ በፓኬጅ ይሸጣል። ቤተሰቡ ቀብድ ከፍሎ ቀን ይይዛል። በዕለቱ አንድ ክፍል ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለሁለት ሰዓት ይሰጠዋል፤ ልጆቹም ሙዚየሙ ውስጥ እንደ ልባቸው ይጫወታሉ። የልጆቹ ቁጥር የተወሰነ ነው። በላስቲክ አለርጂ ምክንያት ብዙ ቦታ ተራ ፊኛ አያስገቡም፤ ብጥስጣሽ ወረቀት መበተንም አይቻልም። ምግብ ይዞ መግባትና ሻማ መለኮስ እንደየቤቱ ስለሚለያይ ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ለሐበሻ ቤተሰብ የሚከብደው ቁጥሩና ሰዓቱ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ልጅ ሲጠራ ወንድሙም እህቱም፣ የአክስት ልጅም ይመጣል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። እዚያ ግን እያንዳንዱ ልጅ ይቆጠራል፣ ይከፈልበታል። ስለዚህ ታናናሾቹን ከመጀመሪያው ቆጥሮ ማስያዝ ነው። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅም። አንድ የወዳጄ ልጅ 4 ዓመት ሲሞላት ልደቷ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ነበር። ግማሹ እንግዳ የደረሰው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሠራተኛዋ ክፍሉን ለሚቀጥለው ልደት ልታሰናዳ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ኬኩ በጥድፊያ ተቆረሰ። እናቷ ያን ቀን ያለቀሰችው ሽንት ቤት ገብታ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ የመጥሪያ ካርዱ ላይ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ጻፉት።

ልጅቷ ግን ኬኩንም አላየችው። የውሃው ገንዳ ጋ ነበረች። ጀልባዋን ትለቃለች፣ ውሃው ይወስድባታል፣ ሮጣ ከታች ትይዛታለች፣ ተመልሳ ትለቃለች። ከአዲስ አበባ የመጡት አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቧ ቆመዋል። «ኧረ ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል!» አሉ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ የራሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ጀልባዋ የምታልፍበትን ቦይ በመዳፋቸው ገደቡት። ውሃው ሞላ፣ ሲለቁት ጀልባዋ ተወነጨፈች። ልጅቷ «እማማ፣ ድገሚው!» ብላ ጮኸች። ዕድሜያቸውን ሁሉ የመስኖ ቦይ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ማንም ሳያስረዳቸው ነው የገባቸው።

ከዚህ ተነስቼ ነው ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ልደቱ ጨዋታው ነው የምለው። ክፍሉን በማስጌጥ ገንዘብ ከማፍሰስ ልጆቹ ገንዳው ጋ የሚቆዩበትን ጊዜ ማርዘም ይበልጣል። ቅያሪ ልብስና ካልሲ መያዝ አይረሳ። ጫጫታ ለሚረብሻቸው ልጆች አንዳንድ ሙዚየሞች ድምፅና መብራት የሚቀነስበት ልዩ ሰዓት አላቸው፤ ሲጠየቁ ይናገራሉ።

ዋጋው ከከበደ ክፍል ሳይከራዩም ልደት ማክበር ይቻላል። ከ2014 ጀምሮ በተዘረጋው «ሙዚየም ለሁሉም» በሚባለው ፕሮግራም የታቀፉ ሙዚየሞች የምግብ ድጎማ ካርድ ለያዘ ቤተሰብ መግቢያውን በነፃ ወይም ቢበዛ በ3 ዶላር ያደርጉታል። ሁለት ሦስት ጓደኞች ይዞ በሥራ ቀን መሄድ፣ ድፎ ዳቦውን ደግሞ ማታ ቤት መቁረስ ነው። ዘመድ ሁሉ የሚመጣው ለዚያ ነው፤ ቢያረፍድም በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ልጁ ከመኪናው ውስጥ እንቅልፉ ከወሰደው ሻማው እስኪነቃ ይቆይለታል።