የጥቅም ግጭት ምንድን ነው? ውጭ አገር የኖረን ዕጩ ስለ መመዘን

«ግጭት» የሚለውን ቃል ከዜና የለመደ ሰው «የጥቅም ግጭት» ሲባል ሁለት ባላንጣዎች በአንድ ንብረት ላይ ሲጣሉ ይታየው ይሆናል። በሕግና በአስተዳደር ቋንቋ ግን ግጭቱ ያለው በአንድ ሰው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ስለ ሌሎች ሆኖ የመወሰን አደራ ተቀብሎ ሳለ፣ የሚወስነው ጉዳይ የራሱን ወይም የቅርብ ቤተሰቡን ኪስ፣ ዕዳ ወይም የነገ ተስፋ የሚነካ ከሆነ፣ ያ ሰው በጥቅም ግጭት ውስጥ ነው ይባላል። በዚህ ፍቺ ውስጥ «ሰረቀ» ወይም «አዳላ» የሚል ቃል አለመኖሩን ልብ ይሏል። ቃሉ የሚገልጸው ሰውየው የቆመበትን ስፍራ እንጂ የፈጸመውን ጥፋት አይደለም።

ይህን ከፍርድ ቤት ልማዳችን በቀላሉ መረዳት ይቻላል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ የሆነ ዳኛ ከችሎት ይነሣል። እንዲነሣ ለማድረግ አድልዎ መፈጸሙን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝምድናው ራሱ ይበቃል፤ ዳኛውም ተነሣ ተብሎ ስሙ አይጠፋም። የፖለቲካ ዕጩ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ወይም ጠቅላይ ሚኒስትር ከአንድ ጉዳይ ተነሥቶ ለሌላ ቢተው እንኳ ሥልጣኑ የማይደርስበት ጉዳይ ስለሌለ፣ ግንኙነቶቹ ሁሉ ገና ዕጩ ሳለ መታወቅ ይኖርባቸዋል።

ዕጩው ውጭ አገር የተማረ፣ የሠራ ወይም የኖረ ሲሆን ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቀላቀላሉ። አንደኛው ልምድ ነው፤ ቋንቋ፣ ሙያ፣ የሌላ አገር መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ። ሁለተኛው ትስስር ነው፤ እስካሁን የሚገባ ገቢ፣ አክሲዮን፣ ጡረታ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ዕዳ፣ ወይም «ከሥልጣን ስትወርድ ወደ እኛ ና» የሚል ቃል። ልምድ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለ፣ ይዞት የመጣው ነው። ትስስር ግን ሌላኛው ጫፉ ገና በሌላ ሰው እጅ ነው። ደጋፊ ሁለቱን ደርቦ «ዓለምን ያየ ነው» ይላል፤ ተቃዋሚም ሁለቱን ደርቦ «የባዕድ ሰው ነው» ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ መንገድ ነው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገና በመወለድ ላይ የነበረችውን አሜሪካን ወክሎ በፈረንሳይ ዘጠኝ ዓመት ያህል ኖሯል፤ ይህም በዘመኑ ከነበሩት አሜሪካውያን ብዙዎቹ የሌላቸው ልምድ ነበር። በ1785 እ.ኤ.አ. ሲሰናበት ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ምስላቸው ያለበትንና በአልማዝ የተከበበ ሣጥን ሸለሙት። ፍራንክሊን ሽልማቱን ለኮንግረስ አሳወቀ፤ ኮንግረሱም እንዲይዘው ፈቀደለት። ሁለት ዓመት ቆይቶ የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባለሥልጣን ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ከንጉሥ፣ ከመስፍን ወይም ከባዕድ መንግሥት ስጦታ እንዳይቀበል ሲከለክል፣ ውጭ አገር መኖርን ወይም የውጭ ቋንቋ ማወቅን አልነካም። የተፈለገው ሣጥኑ እንዲታይ ነበር።

ከቅርብ ጊዜው ምሳሌ ደግሞ የብሪታንያው ሪሺ ሱናክ ታሪክ የተሻለ ያስተምራል፤ ልምዱም ትስስሩም በአንድ ሰው ላይ ተደራርበዋልና። ሱናክ በሳውዝሃምፕተን ተወልደው፣ በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደር ተምረው፣ በገንዘብ ተቋማት ሠርተው በ2015 እ.ኤ.አ. ፓርላማ ገቡ፤ በየካቲት 2020 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። እስከዚህ ድረስ ያለው ልምድ ነው። በሚያዝያ 2022 ግን ሁለት ነገሮች ይፋ ወጡ። የመጀመሪያው፣ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ እንኳ እስከ ጥቅምት 2021 ድረስ የአሜሪካ ግሪን ካርድ በእጃቸው መቆየቱ ነው። ዲቪ ሲሞላ ለኖረ አንባቢ ግሪን ካርድ ዕድል እንጂ ጥፋት አይመስልም፤ ዕድልነቱም እውነት ነው። ነገር ግን ካርዱ ባለቤቱ ለአሜሪካ መንግሥት «ቋሚ መኖሪያዬ እናንተ ዘንድ ነው» ያለበት ሰነድ ነው፤ በዚያ አገር የግብር ግዴታንም ያስከትላል። የብሪታንያን ግምጃ ቤት የሚያዝ ሰው ይህን ቃል ለሌላ መንግሥት ሰጥቶ መቆየቱ ቢያንስ ሊጠየቅበት የሚገባ ነበር።

ሁለተኛው የከበደ ነው። ባለቤታቸው አክሻታ ሙርቲ ከኢንፎሲስ መሥራቾች የአንዱ ልጅ ስትሆን፣ በዚያ የህንድ ኩባንያ ውስጥ ከፍ ያለ አክሲዮን አላት። በብሪታንያ ሕግ «ቋሚ መነሻዬ ሌላ አገር ነው» ያለ ነዋሪ ውጭ በሚያገኘው ገቢ ላይ የብሪታንያን ግብር ላይከፍል ይችል ነበር፤ እርስዋም በዚህ መብት ትጠቀም ነበር። ነገሩ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን ያንን የግብር ደንብ የማሻሻል ወይም እንዳለ የመተው ሥልጣን በባልዋ እጅ ነበር። የጥቅም ግጭት ማለት ይኸው ነው፤ ደንቡ ቢነካ የሚጎድለው የወሳኙ ቤት ነው። አባትዋ በህንድዋ ባንጋሎር መኖራቸው ወይም ሱናክ ካሊፎርኒያ መማራቸው ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ወሬው ከወጣ በቀናት ውስጥ ሙርቲ ከእንግዲህ በዓለም ዙሪያ ባላት ገቢ ላይ የብሪታንያን ግብር እንደምትከፍል አስታወቀች። የሚኒስትሮችን ጥቅም የሚመረምሩት አማካሪ ሎርድ ጋይትም ሱናክ ለሚመለከተው ክፍል በአግባቡ አሳውቀዋል፣ የሥነ ምግባር ደንቡን አልጣሱም ሲሉ ደመደሙ።

ብዙ ሰው በዚህ መደምደሚያ ተበሳጭቷል። እኔ ግን የአማካሪው ሥራ ከሥራው ወሰን አንጻር ትክክል ነበር እላለሁ፤ የጎደለው ሌላ ነው። ሱናክ ያሳወቁት ለመሥሪያ ቤታቸው ነበር እንጂ ለሕዝብ አልነበረም። ሕዝብ ያላየውን ግንኙነት ሕዝብ ሊመዝነው አይችልም። ማሳወቅ የሚባለው ነገር ዋጋው የሚወሰነው ለማን እንደተነገረ ነው።

አንዳንድ አገሮች ይህን ሁሉ ምዘና ትተው በፓስፖርት ይገላገላሉ። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 የባዕድ መንግሥት ዜጋ የሆነ ሰው የፓርላማ አባል እንዳይሆን ይከለክላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ አንቀጽ የተነሣ አገሪቱ ታወከች። ሴናተር ስኮት ላድለም ኒውዚላንድ ተወልዶ በልጅነቱ የወጣ ነበር፤ ዜግነቱ እንዳለ መሆኑን ሲረዳ ሥልጣኑን ለቀቀ። ላሪሳ ዋተርስ ካናዳ ተወልዳ ገና ሕፃን ሳለች የወጣች ናት፤ እርስዋም ለቀቀች። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ተወልደው በአባታቸው በኩል የኒውዚላንድ ዜጋ ሆነው ተገኙ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥቅምት ወር ከሰባት ፖለቲከኞች አምስቱ ብቁ አልነበሩም ብሎ ፈረደ። ጆይስ የኒውዚላንድ ዜግነታቸውን ትተው በታኅሣሥ በተደረገው የማሟያ ምርጫ ወዲያው ተመረጡ። መራጮቹ ስለ ሰውየው ታማኝነት ያወቁት አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው፣ አያዳላም፣ ግን የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው።

የሚያስገርመው በዚያው አንቀጽ 44 ውስጥ ሌላ ንዑስ አንቀጽ መኖሩ ነው፤ ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ የገንዘብ ጥቅም ያለውን ሰውም ይከለክላል። በዚያው ዓመት ሴናተር ቦብ ዴይ ብቁ አልነበረም የተባለው መንግሥት ለቢሮው ከተከራየው ሕንፃ በተዘዋዋሪ ይጠቀም ነበር በሚል ነው። ይህኛው ስለ ውጭ አገር አንዳች የማይናገር ሲሆን፣ ወደ እውነተኛው ጥያቄ የቀረበው ግን እሱ ነው።

ከአፍሪካ የኮትዲቩዋሩን ቲጃን ቲያም እናንሣ። አቢጃን የተወለደው ቲያም የብሪታንያውን የኢንሹራንስ ኩባንያ ፕሩደንሺያልንና የስዊሱን ባንክ ክሬዲት ስዊስን የመራ የገንዘብ ሰው ነው። የተቃዋሚው ፒ.ዲ.ሲ.አይ. ፓርቲ መሪ ሆኖ ለ2025 እ.ኤ.አ. ምርጫ ሲዘጋጅ፣ የፈረንሳይ ዜግነቱን በመጋቢት ተወ። በሚያዝያ ግን አንድ የአቢጃን ፍርድ ቤት ከመራጮች መዝገብ ሰረዘው፤ ምክንያቱ በ1987 የፈረንሳይ ዜግነት ሲቀበል በ1961ዱ ሕግ መሠረት የአገሩን ዜግነት አጥቷል የሚል ነው። አንድን ግዙፍ ባንክ የመራ ሰው ለፕሬዚዳንትነት ሲቀርብ የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ነው፦ ምን አክሲዮን ይዟል? አገሩ ስትበደር ከአበዳሪዎቹ ጋር ምን ያገናኘዋል? ፍርድ ቤቱ የመረመረው ግን ከ38 ዓመት በፊት የወጣን ወረቀት ነው። በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ዋታራም ለዓመታት በዓለም የገንዘብ ድርጅት በከፍተኛ ኃላፊነት የሠሩ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ምርጫ ደግሞ በትውልድ ጥርጣሬ ከውድድር የታገዱ ሰው ነበሩ። «የውጭ ሰው» የሚለው ክስ ሲመች የሚመዘዝ፣ ሳይመች የሚመለስ ሰይፍ ሲሆን እንዲህ ነው።

በሌላው ወገን የጀርመኑ ጌርሃርድ ሽሮደር አሉ። ሁለተኛ ፓስፖርት የላቸውም፣ ውጭ አገር የሠሩ ሰውም አልነበሩም። በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በመራሔ መንግሥትነታቸው ዘመን ማብቂያ ከሩሲያ ወደ ጀርመን የሚዘረጋው የጋዝ ቧንቧ ስምምነት በፊታቸው ተፈረመ፤ በኅዳር ሥልጣን ለቀቁ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ጋዝፕሮም አብላጫውን ድርሻ በያዘበት በዚያው ቧንቧ ኩባንያ የባለ አክሲዮኖች ኮሚቴ ሰብሳቢ እንደሚሆኑ ተነገረ። የአውስትራሊያም ሆነ የኮትዲቩዋር ሚዛን እሳቸውን በነፃ ያሳልፋቸው ነበር። ጀርመን ከሥልጣን የወረደ ሚኒስትር ከነበረው ሥራ ጋር የሚነካካ አዲስ ሥራ ሲይዝ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ዓመት ተኩል እንዲቆይ ማድረግ የምትችልበትን ሕግ ያወጣችው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚል ምክር አለን። ተሰዶ ለኖረ ሰው ይህ ጥበብ ነው፤ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። በሥልጣን ላይ ላለ ሰው ግን ሁለተኛው ባላ የማን መሬት ላይ እንደተተከለ ማወቅ የመራጩ መብት ነው፤ አንደኛው ቢሰበር የማይወድቅ ሰው ስለ አንደኛው መሰበር የሚጨነቀው ምን ያህል ነው?

ሕጋችን ለዚህ ሁለት መሣሪያዎች አሉት። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994ም መምረጥንና መመረጥን ለይቶ አስቀርቷል። ይህ የፓስፖርት ሚዛን ነው። ሁለተኛው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ነው፤ ተሿሚ፣ ተመራጭና የመንግሥት ሠራተኛ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆቹን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዛል። ይህ ወደ ጥቅም ግጭት ትክክለኛ ትርጉም የቀረበ ነው፤ ሆኖም የሚናገረው ስለ ተመራጭ እንጂ ገና ድምፅ ስለሚጠይቅ ዕጩ አይደለም። በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ግን ንብረቱን፣ ገቢውንና ዕዳውን በይፋ የሚዘረዝረው ገና ዕጩ ሳለ ነው።

የሌላ አገር ዜግነቱን ትቶ፣ አገሩ ገብቶ መኖር ጀምሮ፣ አመልክቶ ኢትዮጵያዊነቱን ያስመለሰ ሰው በሕግ ፊት ከማንም ዜጋ እኩል ነው፤ መሆንም አለበት። ፓስፖርቱን ሲመልስ ግን በሜሪላንድ ያለው ቤት፣ የሚጠብቀው ጡረታ ወይም ትናንት ያማክረው የነበረው ኩባንያ አብረው አይመለሱም። ዐሥራ አምስት ዓመት ውጭ አገር ሳይወጣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአንድ የባሕረ ሰላጤ አስመጪ ወኪል የሆነ ዕጩም የዚያኑ ያህል ትስስር ሊኖረው ይችላል፤ ያውም ፓስፖርቱ ምንም አይናገርበትም። ሁለቱም በአንድ የምርጫ ክርክር መድረክ ላይ ቢቀመጡ ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ በዚህ ሰዓት ማን ይከፍልሃል፣ ለማን ዕዳ አለብህ፣ ብትሸነፍ ወይም ብትወርድ የት ቦታ ይጠብቅሃል?